የመንገዳችን ትልቁ በረንዳ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳሮን ሥጋ ልታስገዛኝ ቡፎርድ ሃይዌይ ወስዳኝ፣ ገና ከመኪናው እግሬን ሳወጣ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከሥጋ ቤቱ አጠገብ አዲስ ሱቅ እየተሠራ ነው። ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ቆመው የፊት ግድግዳውን ይለስናሉ፤ ሦስተኛው ከታች ያቦካል። ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው ወጣትነቱ ትዝ ይለዋል፤ የእኔ ወጣትነት የሚመጣው በሲሚንቶ ነው። ቆሜ ለብቻዬ ስስቅ ሳሮን መኪናውን ሎክ አድርጋ መጣች።

"ማሚ፣ ኦኬ ነሽ? ምን ያስቅሻል?"

"ግድግዳውን አይቼ ነው።"

"ግድግዳው ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። የእኛ እንዲህ ተለስኖ ሳይደርቅ ታጥቧል።"

ልጄ የዚህን አገር ትምህርት እስከ ጥግ ተምራ፣ ማሪዬታ ላይ ቤት ገዝታ የምትኖር ሴት ናት። እድር ቤታችንን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንዴት የእኛ እንደሆነ ግን ቁርጥራጩን እንጂ ሙሉውን ነግሬያት አላውቅም። "ሥጋው ይቆይ፣ እድር ቤት ንጂኝ" አልኳት። መንገድ ላይ የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው፣ በየመብራቱ "ኤንድ ዜን?" እያለች ያቋረጠችኝን ትቼ።

ያን ጊዜ አትላንታ እንዲህ አልነበረችም። ኦሎምፒክ ሊመጣ ነው እየተባለ ከተማው ሁሉ ይቆፈር ነበር፤ ጠዋት ያለፍሽበት መንገድ ማታ ጉድጓድ ሆኖ ይጠብቅሻል። አንድ ጋሎን ቤንዚን ከአንድ ዶላር በታች ነበር፣ ግን ማን መኪና ኖሮት። ስኮትዴል ካለው አፓርታማችን ተነስተን አውቶቡስ፣ ከአውቶቡስ ባቡር፣ ከባቡር ደግሞ በእግር ነው። እኔ ሆስፒታል ጽዳት እሠራ ነበር። ከሰማያዊው ዩኒፎርሜ በላይ ትከሻው ስፖንጅ ያለው ቀይ ኮት እደርባለሁ፤ ኮቱን የገዛሁት ከአሮጌ ልብስ ሱቅ በሦስት ዶላር ቢሆንም አረማመዴ የሚኒስትር ሚስት ነበር። ወንዶቹ ሱሪያቸው ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ፣ ሸሚዛቸው ቅጠላ ቅጠል የበዛበት። አንድ ሰው ከአገር ቤት አዲስ ካሴት ይዞ ከመጣ በሳምንቱ ስኮትዴል ሙሉ ይገለብጠዋል፤ እኔ ጋ የሚደርሰው ግልባጭ ላይ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት የሚዘፍን ይመስል ነበር። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ያንኑ ዘፈን በስልኬ ጥርት ብሎ ስሰማው አንድ ነገር የጎደለበት ይመስለኛል። ቀጠሯችን ሁሉ ነዳጅ ማደያው ጥግ፣ የሕዝብ ስልኩ ሥር ነው። ስልኩ ሥር ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ካየን ለምን አንለውም ነበር፣ እናውቃለንና።

እናቴ አገር ቤት ያረፈችው በዚያ ዘመን ነው። ያረዱኝ ጋሽ ግርማ ናቸው፣ የእድራችን ዳኛ። አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ፓርኪንግ ይሠሩ ነበር፤ መኪና ሲያስቆሙም ድምፃቸው ክፍል ውስጥ ያሉ ያስመስላቸዋል። ጠዋት ሰው አስከትለው ሲመጡ ገና በሩ ላይ ገባኝ። ያ ቀን በለቅሶ አለፈ። በማግስቱ ሰው ሲጨመር፣ ቤቱ አልበቃ ብሎ ወንዶቹ ደረጃው ላይና መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሙ። የአፓርታማው ሥራ አስኪያጅ መጣና "ፓርቲው መቼ ነው የሚያልቀው?" ሲል ጠየቀ። ጋሽ ግርማ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፓርቲ እንዳልሆነ፣ የእኔ እናት እንደሞተች አስረዱት። ሰውየው አዝናለሁ አለ፣ እውነትም ያዘነ ይመስለኛል፤ ግን ጎረቤት አቤቱታ አቅርቧል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሰው ካልተበተነ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ተበተኑ። የእናቴ ለቅሶ በሁለተኛው ቀን ላይ ተቋረጠ። ሠልስት ሳይወጣላት፣ ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅኩ፣ ባዶ ወንበሮች መሃል ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የእናቴን ሞት ያህል ያ ነገር ቆርጦኛል፣ ዛሬም ሳወራው ድምፄ ይለወጣል።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጄን አወጣሁ። "ቤት እንግዛ" አልኩ። "በረንዳ ያለው።"

"በረንዳው ደግሞ ለምንሽ ነው?" አሉ ጋሽ ግርማ።

"ጋሽ ግርማ፣ ለቅሶ ግማሹ የሚለቀሰው ውጭ አይደለም እንዴ? የሚመጣው ሰው የት ይቀመጣል? ውስጡ የከበደው የት ወጥቶ ይተነፍሳል? መንገድ ላይ ከቆምን እንደገና ያባርሩናል።"

አሰቡና "ልክ ነሽ" አሉ። እሳቸው ልክ ነሽ ካሉ ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ከመሃል ከተማው በስተደቡብ፣ ወርካ የሚያህሉ ትላልቅ ዛፎች መንገዱን በጋረዱበት አሮጌ ሠፈር ውስጥ አንዲት የጡብ ቤት አገኘን። ቀድሞ ትንሽ የጸሎት ቤት ስለነበረች ሰው ቢሰበሰብባት አይከለከልም። በረንዳዋ ግን ከእኛ በፊት በስብሶ ተነስቷል፤ ፊቷ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው ይመስል ነበር። በእኛው መንገድ ዳር፣ አጥር የሚጋራን ቤት የሚስተር ኦቲስና የሚስቱ የሚስ ሎሬታ ነው። የእንጨት ቤት ነው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ፊቱ ዳር እስከ ዳር በሳንቃ ተደፍኖ ትንንሽ መስኮት የወጣለት። ሚስተር ኦቲስ መኪና መግቢያው ላይ በሸራ ወንበር ይቀመጣል። ጎንበስ ብለን ስንሰላም አንዲት ጣቱን ያነሳል፣ አለቀ።

እኛ መጀመሪያ ያደረግነው ምን ይመስላችኋል? ልስን። በእኛ ዘንድ ጡቡ የሚታይ ቤት ማለት ያልተጨረሰ ቤት ማለት ነው፣ ባለቤቱ አቅም አጥሮት ያቆመው። ጎረቤት ምን ይላል? ቤት ገዝተው ማልበስ አቃታቸው ሊባል ነው። ግማሾቻችን የሌሊት ፈረቃ ስለምንሠራ ቀኑ የእኛ ነበር፤ አንድ ማክሰኞ ሲሚንቶና አሸዋ አስመጥተን በደቦ ወጣን። ወንዶቹ ይለስናሉ፣ እኛ ውሃ እናቀብላለን፣ የካሴት ማጫወቻው መስኮቱ ላይ ይጮሃል። የፊቱ ግድግዳ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ሚስተር ኦቲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበሩ ተነስቶ አጥሩ ድረስ መጣ።

"ምን እያደረጋችሁ ነው?"

"ቤቱን እያለበስነው ነው፣ ሚስተር ኦቲስ" አሉ ጋሽ ግርማ በኩራት። "ሲደርቅ ነጭ እንቀባዋለን። እርስዎም ያዩታል፣ ያምራል።"

"ያ ጡብ አባቴ ሳይወለድ እዚህ ነበር" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ብዙም ሳይቆይ የከተማው ሰው መጣ። ማን እንደጠራው አልጠየቅንም፤ ከሸራው ወንበር ባለቤት ሌላ ስልክ አጠገቡ ያለው ሰው ግን አልነበረም። ቀይ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈና ረጋ ብሎ አስረዳን። ሠፈሩ ታሪካዊ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ከተማው ቤቶቹን ሁለት ቦታ ከፍሏቸዋል፤ የሠፈሩን ታሪክ የያዙ አሉ፣ ታሪክ ሳይዙ ዝም ብለው የቆሙ አሉ።

"የእኛስ?" አልኩ።

"ዝም ብሎ የቆመ። በረንዳው ስለጠፋ።"

"የጎረቤታችንም በረንዳ የለውም እኮ።"

"የእነሱ ከሳንቃው ሥር አለ፣ ቤታቸው ታሪክ ከያዙት ነው። የእናንተ ጨርሶ የለም።"

"እንግዲያው የእኛ ካልተቆጠረ ለምን አንለስነውም?"

"ደንቡ ለሁሉም ነው። ያልተለሰነ ጡብ አይለሰንም፤ ካላጠባችሁት ትቀጣላችሁ።"

ጋሽ ግርማ ወደ እኔ ዞር ብለው በአማርኛ፣ "ለመቆጠር አንበቃም፣ ለመቀጣት ግን እንበቃለን" አሉ። ሰውየው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ፤ አመሰግናለሁ ነው የሚሉት አልኩት።

ሲለስን የዋለው እጅ ሁሉ ሊያጥብ ተሰለፈ። ባልዲና መጥረጊያ ይዘን ስንሯሯጥ፣ ሚስተር ኦቲስ የውሃ ጎማውን ጎትቶ በአጥሩ ላይ አሻገረልን። "ሳይደርቅ ቶሎ በሉ" አለ። እስኪመሽ ታጠበ። ዩኒፎርሜ፣ ፀጉሬ፣ ያ ቀይ ኮቴ ሳይቀር ሲሚንቶ ሆነ። ጡቡ ግን ውሃ ጠጥቶ ፀሐይዋ ስታርፍበት፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። ያን ቀን ይህን ጮክ ብሎ ለመናገር ማንም አልደፈረም።

ቀጥሎ የበረንዳው ጉዳይ መጣ፣ ዋናው። በረንዳ መሥራት ይቻላል፣ ግን ልኩን የምትወስኚው አንቺ አይደለሽም፣ ጎረቤቶችሽ ናቸው። ከመንገዱ በእናንተ በኩል ካሉት ታሪክ ከያዙት ቤቶች፣ ከትልቁ በረንዳ መብለጥ አይቻልም፤ ከትንሹም ማነስ አይቻልም። መስኮቱም፣ ጣሪያውም፣ ከመንገዱ የሚርቅበትም እንዲሁ። እኔ ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እኛ ይሉኝታ የምንለውን እነዚህ ሰዎች ሕግ አድርገው፣ ሜትር አስይዘው ጽፈውታል። እናቴ ይህን ደንብ ብትሰማ ኖሮ አንድም ነገር አይገርማትም ነበር፤ እሷ ዕድሜዋን ሁሉ ከጎረቤት ሳትበልጥም ሳታንስም ለመኖር ስትለካ የኖረች ሴት ናት።

ችግሩ በእኛ በኩል ያለው ትልቁ በረንዳ ሁለት ወንበርና አንድ የአበባ ማሰሮ ነው የሚይዘው። ሌሎቹ ወይ ፈርሰዋል ወይ እንደነ ሚስተር ኦቲስ ተደፍነው ክፍል ሆነዋል፤ የተደፈነ በረንዳ ደግሞ አይለካም። ይህን የሚፈቅደው የከተማው ቦርድ ፊት ቀረብን። ጋሽ ግርማ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ለቅሶ ምን እንደሆነ፣ ሰው ሲሞት ስንቱ እንደሚመጣ ጥሩ አድርገው ተናገሩ። ሰብሳቢዋ በትሕትና ሰማች። "ይገባኛል፣ ግን የምለካው ያለውን በረንዳ ነው" አለች። ቀጠሮ ለሚቀጥለው ወር ተሰጠን፣ አነስተኛውን ተቀብለን እንድንመጣ። እኔ ባቡሩ ውስጥ አለቀስኩ። ሁለት ወንበር! እዚያ ላይ ማን ሊያለቅስ ነው?

ቀጠሮው ሳይደርስ ሚስተር ኦቲስ ሞተ። ቤቱ ፊት መኪና ሲበዛ አይተን ጠየቅን፣ በእንቅልፉ አረፈ አሉን። ጋሽ ግርማ ስልክ ደወሉልኝ።

"በላይነሽ፣ ምን እናድርግ?"

"ምን እናድርግ ማለት ምን ማለት ነው? ጎረቤት ነው የሞተው።"

"ከተማውን የጠራብን እሱ ይመስለኛል።"

"ጎማውንም የሰጠን እሱ ነው።"

በዚህ አገር ሰው ሲሞት ምግብ ታደርሺያለሽ፣ አቅፈሽ ትሄጃለሽ። ይህን አናውቅም ነበር። እኛ እንደምናውቀው ሄድን። የእድሩን ወንበር ሁሉ ተሸክመን፣ ድንኳን ግቢያቸው ውስጥ ተክለን፣ ምስርና ሩዝ በትልልቅ ድስት ይዘን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቁጭ አልን። ማንም አልጠራንም። የሚስ ሎሬታ የእህት ልጅ ወጥታ "ምን ልርዳችሁ?" አለችን።

"ምንም" አሉ ጋሽ ግርማ። "እኛ አለን።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሠልስት።"

ልጅቷ ገብታ ለሚስ ሎሬታ የነገረቻት ምን እንደሆነ አላውቅም፤ መጋረጃው ሲገለጥና ሲዘጋ ዋለ። የሚመጣው ዘመዳቸው ሁሉ ቤቱ ስለማይበቃው ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ወንበር እናቀርብለታለን፣ ምስር እናቀርብለታለን፣ ግራ እየተጋባ ይቀመጣል። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ አይነሳም። በማግስቱ ሚስ ሎሬታ ራሷ ወጣች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ከዚያ "እናንተ የምትሄዱት መቼ ነው?" አለችኝ። እንድንሄድ ፈልጋ መስሎኝ ደነገጥኩ። "ስትሄዱ ቤቱ ዝም ይላል ብዬ ነው" አለች። እጇን ያዝኩ። የእናቴን ለቅሶ ያን ቀን ለእሷ ነገርኳት፣ ያላለቀውን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ለባሏም ለእናቴም። ለእናቴ ሠልስት የወጣላት በሚስተር ኦቲስ ለቅሶ ላይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑን ስንነቅል ሚስ ሎሬታ ሳንቃ የተመታበትን የቤቷን ፊት እያየች፣ "እዚህ ጋ በረንዳ ነበር" አለች። "አማቴ ስትታመም ኦቲስ ደፍኖ ክፍል አደረገላት። ከዚያ በፊት እሁድ እሁድ መንገዱ ሁሉ እዚህ ነበር የሚቀመጠው።" ቀና ብላ አየችኝ። "እናንተ የምትፈልጉት ምን ያህል ነው?"

"የቤቱን ፊት ሙሉ" አልኳት።

"የእኔም ሙሉ ነው" አለች። "ክፈቱት።"

የከተማው ሰው ለዚህኛው ፈቃድ ሲጽፍ ፊቱ ላይ ፈገግታ ነበር፤ ተደፍኖ የኖረን በረንዳ እንክፈት ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ አላየም። እንደ ልስኑ ጊዜ በደቦ ወጣን፣ አሁን ግን የምንነቅል ነን። ሳንቃው ሲነሳ ከሥሩ አሮጌዎቹ ዓምዶች እንደቆሙ ናቸው፣ ወለሉም ጤነኛ ነው። የመጨረሻው ሳንቃ ሲወድቅ ብርሃን እስከ ጓዳዋ ገባ። ሚስ ሎሬታ የባሏን የሸራ ወንበር ከመኪና መግቢያው አንስታ መሃል ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ሰውየው ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። በእኛ በኩል ያለው የመንገዱ ትልቁ በረንዳ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የእሷ ሆነ።

ቦርዱ ፊት ስንቀርብ ጋሽ ግርማ ብዙ እንዲናገሩ አላስፈለገም። ሚስ ሎሬታ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ ቆመች። "ባለፈው የምትለኩት በረንዳ የለም ብላችኋቸው ነበር" አለች። "አሁን አለ። የእኔ ነው። በእሱ ለኩላቸው።" ሰብሳቢዋ ወረቀቱን አየች፣ ግራና ቀኝ ያሉትን አየች፣ እጅ ወጣ፣ ተፈቀደ። ያን ጊዜ እኔና ሴቶቹ ሳንመካከር እልልታችንን ለቀቅነው። ያ አዳራሽ እልልታ ሰምቶ አያውቅም፤ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ሮጦ ገባ። ሰብሳቢዋ ምን እንደሆነ ስትጠይቅ ሚስ ሎሬታ ናት የመለሰችላት፣ "ደስ ብሏቸው ነው፣ ልማዳቸው ነው" ብላ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ከእኛ ጋር የኖረች ይመስል።

በሠራነው በረንዳ ላይ ለስንቱ አለቀስን፣ ስንቱን አጽናናን። ፖሊስ የጠራ የለም። ሚስ ሎሬታ ራሷ ያረፈች ጊዜ ሁለቱም በረንዳ ሞልቶ አጥሩን ነቅለን አገናኘናቸው፤ የእህቷ ልጅ ዛሬ እዚያው ትኖራለች፣ አጥሩንም አልመለሰችውም።

ይህን ስነግራት ሳሮን እድር ቤቱ ፊት መኪናውን ፓርክ አደረገች። በረንዳችን ላይ አንዲት ወጣት የከተማው መታወቂያ አንገቷ ላይ አድርጋ፣ የሜትር ጫፍ ዓምዱ ላይ ለማሰር ትታገላለች። በዚህ ዕድሜዬም የከተማ ሰው ሳይ ግድግዳ የማጥብ ይመስለኛል።

"ምን አጠፋን?" አልኳት።

"ምንም አላጠፋችሁም። ከመንገዱ ታች አዲስ የገቡት ባልና ሚስት በረንዳ ሊሠሩ ነው። ከመንገዱ ትልልቆቹን መለካት አለብኝ።"

"የሚለካው እኮ ታሪክ የያዘ ቤት ነው። የእኛ ዝም ብሎ የቆመ ነው።"

ታብሌቷን ነካ ነካ አድርጋ አየች። "አይደለም" አለች። "በአዲሱ ምዝገባ ታሪክ ከያዙት ውስጥ ነው። ባይሆን አልለካውም ነበር።"

የሜትሩን ጫፍ ከእጇ ወስጄ ያዝኩላት። እሷ እየዘረጋች እስከ ወዲያኛው ዓምድ ሄደች። በሌላው እጄ ማሪዬታ ላሉት ጋሽ ግርማ ደወልኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ እኔ ከደወልኩ መርዶ ነው ብለው ነው የሚያነሱት።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ግርማ። ተቆጥረናል። ቤታችን ታሪክ ከያዙት ገባ።"

አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ከዚያ በዚያ በአስተማሪ ድምፃቸው፣ "እንግዲያው አሁን ግድግዳውን መለሰን ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" አሉ።

እልልታዬን ለቀቅኩት። ሜትሩን እንደያዝኩ፣ መንገዱ እስኪያስተጋባ። የሚስ ሎሬታ የእህት ልጅ ከበረንዳዋ ብቅ ብላ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እጇን አወዛወዘችልኝ። ሳሮን ግን ፊቷ ቀላ።

"ማሚ ፕሊስ፣ ጎረቤት ምን ይላል?"

"ጎረቤት እኛ ነን" አልኳትና ሜትሩን ወጠር አድርጌ ያዝኩ።